እጅህን አሳየኝ

ቀናተኛ ነሽ ብትሉኝ አልከራከርም። ግን በስክሪን ላይ ባለች ሴት የሚያስቀና ፍቅር ይዟችሁ ያውቃል? እኔን ይዞኛል።

እሱ የሰፈራችን ፊልም ቤት ተርጓሚ ነው። የባዕድ አገር ፊልም ሲታይ ስክሪኑ አጠገብ ማይክ ይዞ ይቀመጥና የሁሉንም ንግግር እዚያው በቋንቋችን ይናገራል፤ የፖሊሱንም፣ የሌባውንም፣ የአሮጊቷንም። ሰው ሁሉ «ሰባት ጉሮሮ» ይለዋል።

የተዋወቅነው በአንድ የድሮ ፊልም ሰበብ ነው። የጥቁር አሜሪካውያን የወንጀል ፊልም ነው። ጀግናው ረጅም የቆዳ ካፖርት ለብሶ የሰፈሩን ወሮበላና ጉቦኛ ፖሊስ አንድ ላይ መድረሻ ያሳጣል። ፍቅረኛው ጎፈሬዋን አበጥራ፣ ሽጉጥ ደግና ስትገባ ግን ሰባት ጉሮሮ በለቅሶ ድምፅ «እባክህ ውዴ» አሰኛት። እኔ ጸጉር ሠሪ ነኝ፤ እንዲያ ያለ ጎፈሬ ያላት ሴት እንደማታለቃቅስ አውቃለሁ። ፊልሙ እንዳለቀ ሄጄ ያዝኩት።

«ስማ፣ ያቺ ሴት ምን በደለችህ?»

«ምን አደረግኳት?»

«ሽጉጥ የያዘች ሴት ‹እባክህ› ትላለች እንዴ?»

«ታዲያ ምን ትበል?»

«‹አፍህን ሰብስብና መንገድ ልቀቅ!› ትበላ!»

በሰባት ጉሮሮ የሚያወራ ሰው ሰባቱም ሲጠፉበት ማየት ደስ ይላል።

በሳምንቱ ፊልሙ ሲደገም ሴትየዋ በእኔ አፍ ተናገረች። «አፍህን ሰብስብና መንገድ ልቀቅ!» አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። ጥግ ላይ ተቀምጬ ጉንጬ ጋለ። ከዚያ በኋላማ ሻይ ነው፣ ጨዋታ ነው፣ መሸኛኘት ነው።

ለእናቴ መንገር ግን ፈራሁ። አባቴ አፈ ጮሌ ነበር፤ በወሬው አግብቷት በወሬው ተሰናበታት። ከዚያ ወዲህ በአፉ የሚኖር ወንድ ደጇ እንዲደርስ አትፈልግም። እሷ ራሷ የሆቴል ላውንደሪ ኃላፊ ናት፤ ከሥራ ስትገባ አፏን ከጫማዋ ጋር በር ላይ አውልቃ የምትተው ነው የሚመስለኝ። ቤት ውስጥ ከ«በላሽ?» እና ከ«ተኚ» ሌላ ሰምቼባት አላውቅም።

ታዲያ ያ ፊልም እንደ አዲስ ተሠርቶ መጣ። ጸጉሬን አጎፍሬ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፊልሙስ እሰይ የሚያሰኝ ነው! ካፖርቱ አለ፣ ያ ደረት የሚደልቅ ቤዝ ጊታር አለ፣ መኪናዎቹ ብቻ አዲስ ናቸው። ከሁሉ በላይ ሴትየዋ ፍቅረኛ መሆኗ ቀርቶ የወሮበሎቹ አለቃ ሆናለች። «ጎሽ!» አልኩና ቃሌን ከአፏ ለመስማት ተመቻቸሁ።

ጀግናው ሥራ ስጪኝ ሊል ፊቷ ቀረበ። እሷም ረጋ ብላ፣ «እህ... ማን ተቀመጥ አለህ? መጀመሪያ እጅህን አሳየኝ» አለችው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ይሄ የኔ አፍ አይደለም። ያቺ «እህ»፣ ያ መረጋጋት ከራሱ የሚያመጣው አይደለም፤ ቀርቦ ያዳመጣት ሴት አለች። ደግሞስ ወንድን እጅህን አሳየኝ የምትል ምን ዓይነት ሴት ናት? አይታ ምን ልትሆን ነው? ሰሞኑን ሐሙስ ሐሙስ «ጉዳይ አለኝ» እያለ መጥፋቱ ትዝ አለኝ። ሲመለስ እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የሌላ ሴት ሳሙና!

በር ላይ ጠበቅኩት።

«ማን ናት?»

«ማን?»

«አለቃዋ። የማንን አፍ ነው የሰጠሃት?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «አሁን ልነግርሽ አልችልም። ቃል ገብቻለሁ።»

«ለእሷ?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«እንግዲያው እዚያው እጅህን እያሳየህ ኑር!» ብዬው ሄድኩ። እንባዬ የመጣው ማዕዘኑን ከታጠፍኩ በኋላ ነው።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ሰው ሲከፋው እናቱ ጋ ነው የሚሄደው፤ ባትናገርም። ላውንደሪው በር ላይ እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ።

«እህ... ማን ግባ አለህ? መጀመሪያ እጅህን አሳየኝ! ነጭ ነገር በቆሸሸ እጅ አይነካም።»

ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። እናቴ ናት። በር ላይ የምታወልቀው አፍ ለካ የሚውለው እዚህ ነው። የሳሙናው ሽታም ከልጅነቴ ጀምሮ በቀሚሷ ላይ የማውቀው ነው፤ ቅናት አፍንጫም ይደፍናል። አንገቴን ብቅ ሳደርግ ሁለት እጁን እንደ ተማሪ ዘርግቶ የቆመው ሰባት ጉሮሮ ነው።

እናቴ ስታየኝ አልደነገጠችም። «ልጅሽን ስጪኝ ብሎ መጣ» አለች። «አፉን አላምነውም፤ እጁን ልየው ብዬ አንሶላ አሳጥፈዋለሁ። ለአንቺ ትንፍሽ እንዳይል ያስማልኩት እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ ነው?» አልኩ ሌላ ቃል ጠፍቶኝ።

«ጠርዙን ያጣምማል። ግን በቀጠሮው ይመጣል» አለች። ከዚያ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ለእሱ፣ አንዱን ለእኔ ሰጠችን። «ያዢ፤ ለብቻ አይታጠፍም። ደግሞ ገና አልወሰንኩም!» ብላን ወደ ማሽኖቿ ሄደች።

ፊት ለፊት ቆምን። አንድ ጊዜ አጠፍን፤ ቀረብን።

«የእናቴን አፍ ስጣት፣ ይሁን። የኔን ለምን ቀማሃት?»

ደግመን አጠፍን፤ እጁ እጄን ነካ።

«ያ ሁሉ ወንድ በአንቺ ቃል ሲያፏጭ...» አለ አንሶላውን እያየ፣ «ቀናሁ።»

ከዚያ ወዲህ አንሶላው እንዴት እንደታጠፈ አላስታውስም። መጣመሙን ግን እናቴ ነግራናለች።

ቅዳሜ እናቴን ይዣት ፊልሙን ልናይ ሄድን። አሁን በደስታ አየሁት፤ በካፖርቱ ሳቅኩ፣ በቤዝ ጊታሩ ተወዛወዝኩ። እናቴ ራሷን ከስክሪኑ ስትሰማ ጉሮሮዋን ጠራረገች። መጨረሻ ላይ ጀግናው ቆስሎ፣ ካፖርቱ ተቀዶ አለቃዋ ፊት ቆመ። የሴትየዋ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ሰባት ጉሮሮ ግን ማይኩን ዝቅ አድርጎ ወደ እኛ ወንበር ያያል።

እናቴ እንደ ላውንደሪዋ ጮክ ብላ፣ «እህ... እጅህን አይቻለሁ» አለች። «ተቀመጥ።»

አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። እሱ መናገር ስላቃተው ፊልሙ ያለ ተርጓሚ አለቀ። ማንም ቅር አላለውም፤ እኔ ብቻ ወደ ኋላ ዞሬ በእናቴ ያፏጩትን አንድ በአንድ ገላመጥኳቸው።