አሥረኛው ፊርማ

በልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች ይሠራሉ፤ የሚያወራው ግን አንድ አፍ ብቻ ነው፤ እሱም የአክስት ነው። አክስት «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ለእህቷ ልጅ አጥብቃ አስተምራለች፤ ራሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ሞክራው አታውቅም። ልጅቷን ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። ሰፈሩ ልጅቷን «ጭምቷ» ይላታል። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ደንበኛ «ደከመሽ?» ሲላት እንኳ «ኧረ ምን ደክሟት» ብላ የምትመልሰው አክስት ናት።

አንድ ቀን አንድ ተማሪ መጣ። ዘመዶቻቸው ቤት ስለሚሠሩ ወጣቶች የመመረቂያ ጥናት እየሠራ ነው። አሥር ሰው ማናገር አለበት፤ ዘጠኙን ጨርሷል። ጭምቷ ትስማማ እንደሆነ ሲጠይቅ አክስት እስክሪብቶውን ተቀብላ ፎርሙ ላይ ፈረመች።

«እኔ እሺ ካልኩ እሷም እሺ አለች ማለት ነው» አለችው።

ከዚያ እሱ ይጠይቃል፣ አክስት ትመልሳለች። ተማሪው ግን አክስት ተናግራ ከጨረሰች በኋላም ዓይኑን ከጭምቷ ላይ አያነሳም፤ መልሱን ገና እንዳልሰማ ሰው ዝም ብሎ ይጠብቃል። እንዲህ አድርጎ የጠበቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። አቀርቅራ የተሰፋውን ቁልፍ መልሳ ሰፋችው። ያን ቀን ወደደችው፤ ነገሩን ማስረዘም አያስፈልግም።

በሦስተኛው ቀን አፍሮ ተመለሰ።

«እትዬ፣ አማካሪዬ ፎርሙን መለሰብኝ። አካለ መጠን የደረሰ ሰው ራሱ ነው መፈረም ያለበት። ብቻዋን ላናግራት ይገባል፤ አልፈልግም ማለትም መብቷ ነው። ዓርብ ነው የማስረክበው፤ አንድ ሰው ከጎደለኝ ምረቃዬ ለከርሞ ይሻገራል።»

አክስት ሳቀች። «ከእኔ የምትደብቀው ምን አላት? ግቡ፣ ልብስ መለኪያው ውስጥ ተነጋገሩ።»

ልብስ መለኪያው አንድ መስታወትና አንድ ወንበር ብቻ የሚይዝ ጠባብ ቦታ ነው። መጋረጃው ወለል አይደርስም። ገና ከመግባታቸው የአክስት ጥቁር ጫማዎች ከመጋረጃው ሥር መጥተው ቆሙ።

ሁለቱም አዩዋቸው። ጭምቷ የምትለውን ታውቃለች፤ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለብኝም» ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስትል ኖራለች። አክስት ክፉ ሴት ብትሆን በቀለላት ነበር፤ ግን ስትታመም አጠገቧ ቁጭ ብላ የምታድር ሴት ናት። እንዲህ ያለችውን ሰው ምን ብለው ነው ጥለው የሚወጡት?

ተማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ፎርሙን ማንበብ ጀመረ። «ስምሽ አይጠቀስም። በፈለግሽ ጊዜ ማቋረጥ ትችያለሽ።» እያነበበ በሌላ ወረቀት ላይ ጻፈላት፦ «እነዚያ ጫማዎች እያሉ የምትሰጪኝ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ሌላ ቦታ ላናግርሽ?»

«ለጥናቱ ነው ወይስ እንዲያው?» ብላ ጻፈች።

ተማሪው ከሥሩ ጻፈ፦ «ጥናቱ ውስጥ ከገባሽ እንዲያው ላገኝሽ አልችልም። ደንቡ ይከለክለኛል።»

«ካልገባሁስ?»

እስክሪብቶው ቆመ። በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ። አሥረኛ ሰው እንደሌለው ታውቃለች፤ እሱም ማወቋን ያውቃል። በመጨረሻ «መታጠፊያው ላይ ሻይ ቤት አለ። እጠብቅሻለሁ። ባትመጪም አልቀየምሽም» ሲል ጻፈ።

«ምነው ዝም አላችሁሳ?» አሉ ጫማዎቹ።

ጭምቷ መጋረጃውን ገለጠች።

«አልተስማማሁም» አለች። ድምፁ የራሷ አልመስል አላት።

የአክስት ፊት በራ። «አላልኩህም? የቤቷን ገበና የምታወጣ ልጅ አይደለችም» ብላ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረገቻት። ተማሪው ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ።

ጭምቷ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ስፌቱ ጠመመ። ፈታችው፤ መልሶ ጠመመ። ዛሬ ከዚህ ወንበር ካልተነሳች መቼም እንደማትነሳ ገባት። ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠችና ሹራቧን ደረበች።

«ወዴት ነው?»

«እሱ ጋ። ሻይ ቤት እየጠበቀኝ ነው።»

«አሁን አልተስማማሁም አላልሽውም እንዴ?»

«አልተስማማሁም ያልኩት ለጥናቱ ነው፣ አክስቴ» አለችና ወጣች።