ሰው ያለበት ፖንቴ

እንዲህ ያለ የማይታመን ነገር ሲወራ «ስንት ሰዓት ነበር? ሌላስ ማን አየ?» እያልኩ ወሬ የማበላሽ ሰው ነኝ፣ ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፣ ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ያልተለካ ነገር አይወድም። ይህን የምነግራችሁም ስላመንኩበት ሳይሆን የምጽፍበት ሌላ ቦታ ስላጣሁ ነው።

ሥራዬ የተበጠሰ ነርቭ ነው። ሲበጠስ መሃሉ ክፍት ይሆናል፣ ህዋሶቹ ያንን ክፍት ዘለው መሻገር አይችሉም፣ እኔ ህዋሶቹ ተንጠላጥለው የሚያድጉበት ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች የተደረደሩበት ስስ ሽፋን እሠራለሁ፤ ነርቩ ሲገናኝ ሽፋኑ በሰውነት እርጥበት ቀስ ብሎ ይሟሟል። ሸዋ ሮቢት ላሉት አጎቴ ለጋሽ ታምሬ ይህን ሳስረዳ ቃል አጠረኝና «በቃ ፖንቴ ማለት ነው፣ ግንበኛ ቆሞበት እንደሚሠራው የእንጨት መወጣጫ» አልኳቸው።

ባልላቸው ይሻል ነበር። ጋሽ ታምሬ ግንበኛ ናቸው፤ ጀውሃ ላይ ቤት ሲሠሩ እሳቸው ከላይ ቆመው ሳለ ከታች ያለው ሠራተኛ የጨረሱ መስሎት የፖንቴውን እንጨት ፈታባቸው፣ ወደቁ፣ ቆርቆሮ የቀኝ እጃቸውን አንጓ ከነነርቩ ቆረጠው። ከዚያ ወዲህ ትንሿና የቀለበት ጣታቸው አይሰማቸውም፣ ካዞላ፣ ያቺን የሲሚንቶ ማንኪያ፣ አይጨብጡም። «ለሰው ገና ነው» ብላቸውም የእኔን ፖንቴ የሚጠብቁት ለራሳቸው እጅ ነው።

ህዋሶቼ ደግሞ እምቢ ብለዋል። መብራት ይጠፋል፣ ማሞቂያው ይቀዘቅዛል፣ ይሞታሉ፣ አማካሪዬ «ድገሚው» ይለኛል፣ እደግማለሁ፣ እንደገና ይጠፋል። ጋሽ ታምሬ በስልክ ይስቁብኛል።

«ዶክተር፣ ሠራተኞችሽ ዛሬም አልገቡም?»

«አልገቡም ጋሼ።»

«እንግዲያው ራስሽ ውጪበታ!»

ለፋሲካ ስሄድ ህዋስ ፈጽሞ ያልነካው አንድ ደረቅ ሽፋን፣ ክዳን ባለው ትንሽ ሳህን አሽጌ እንዲያዩት ወሰድኩላቸው። እኩለ ቀን ነበር፣ መብራት የለም፣ ማራገቢያው ቆሟል፣ በዚያ ሙቀት ውሻ እንኳ አይጮኽም። እንደ ልማዴ ዓይናቸውን በፎጣ ሸፍኜ ጣቶቻቸውን በስቴኪኒ ወጋ ወጋ አደረግኩ፣ ሁለቱ ያው ናቸው፣ ደብተሬ ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ፎጣውን ሳላነሳ ያንኑ ደንዛዛ ትንሽ ጣታቸውን ሳህኑ ክዳን ላይ አሳረፍኩላቸው።

ቀጭ አለ። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንጣጣ ነው አልኩ፣ ምን ልበል። ግን አራት ጊዜ ቀጭ ይልና ያርፋል፣ አራት ጊዜ ይልና ያርፋል፣ ክብደት ያረፈበት የባሕር ዛፍ እንጨት ድምፅ ነው፣ የግንበኛ ቤት ልጅ ይህን አይስተውም።

«ማነው የሚወጣው?» አሉ ጋሽ ታምሬ።

«ማንም የለም ጋሼ።»

«አትቀልጂ። በትንሿ ጣቴ ላይ እኮ ነው!»

እጄ ጉልበቴ ላይ ነበር፣ ስቴኪኒው ጠረጴዛው ላይ።

«ቆሙ» አሉ ዝቅ ብለው፣ «አንዱ ቱንቢ እየጣለ ነው።»

ፎጣውን ገፈፍኩት፤ ድምፁ ተቋረጠ። ጣቱን መልሼ ወጋሁ፣ አልተሰማቸውም። በማጉያ መነጽር ሽፋኑን ሳየው ጠዋት ባዶ የነበረው ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ልክ እንዳደገ ነርቭ ቅርንጫፍ ያወጡ ስስ መስመሮች ተዘርግተዋል። በደረቅ ሳህን፣ በዚያ ሙቀት፣ ምንም ህዋስ አይኖርም። አይኖርም! ሁለት ዓመት ለምኜ ያጣሁትን ነገር፣ ለማንም ማሳየት በማልችልበት መንገድ አገኘሁት!

ስለያቸው እጄን ይዘው «ሰው ከላይ እያለ ፖንቴ አይፈታም፣ እሺ?» አሉኝ። አልሳቁም።

ሳህኑ አሁን አዲስ አበባ፣ ቤተ ሙከራችን ውስጥ በመሳቢያዬ ተቆልፎበታል። አልከፈትኩትም። የዚያን ቀን ገጽ ላይ ሰዓቱን ጽፌያለሁ፣ ውጤት የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ክረምቱ ገብቷል፣ ከመሳቢያው በላይ ያለው ግድግዳ መርጠብ ጀምሯል፣ ሽፋኑም እርጥበት ካገኘው ይሟሟል፣ ይህን ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም። ትናንት ጋሽ ታምሬ ደወሉ፣ ሠራተኞቼን አልጠየቁም።

«ትንሿ ጣቴን» አሉኝ፣ «ከጠዋት ጀምሮ እርጥብ እርጥብ ይላታል።»

የመሳቢያው ቁልፍ እጄ ላይ ነው።