የምቤዩ ክትባት

ምቤዩና ካሂንዲ የተዋወቁት በጠብ ነው። ነርሱ ካሂንዲ ከገጠር የደም ናሙና በበረዶ ይዞ ወደ ምቤዩ ቤተ ሙከራ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ደረሰ።

«በረዶው ቢቀልጥ ኖሮስ? የስንት ሕፃን ደም ልትደፋ ነበር!» አለችው ምቤዩ።

«እሜቴ፣ መኪናውን ጭቃ ውጦት ነው። ካላመንሽ ሱሪዬን እዪው።»

አየችው። ሳቋ አመለጣት።

ምቤዩ ኪሊፊ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ውስጥ የወባን ተውሳክ የዘር ቅንጣት እርሾ ውስጥ ታስገባለች፤ እርሾው የሚያመርተውን ፕሮቲን አጥርታ ክትባት ትሠራለች። ካሂንዲ ደግሞ በየመንደሩ እየዞረ ሕፃናትን ለክትባቱ ሙከራ ይመዘግባል። ከዚያ ጠብ ወዲህ ናሙና በሌለበት ቀን እንኳ የተጠበሰ ካሳቫ ይዞ ብቅ ይል ጀመር።

«እናቶቹን ምን ልበላቸው?» አላት አንድ ቀን ባሕሩ ዳር ተቀምጠው።

«የሞከርንባቸውን አይጦች አድኗል በላቸው።»

«አይጥ ስላዳንን ልጅ ስጡን?» ሳቀ። ከዚያ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ «አንቺ ከሠራሽው እኔ አምናለሁ። የእህቴን ልጅ ዳማን አስመዘግባታለሁ» አላት።

ተው ልትለው አሰበች። ግን እንደዚያ ያመናት ሰው አልነበረም፤ ሳትለው ቀረች።

ሕፃናቱ በተከተቡ በስድስተኛው ወር ክትባቱ በደማቸው ውስጥ የፈጠረው መከላከያ ተመናመነ። ምቤዩ ሦስቴ ለካችው፤ ያው ነው። ዝናቡ ሲከብድ ዳማን ወባ አተኮሳት። ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች። ከተከተቡት አንዷ ነበረች።

ምቤዩ ለቅሶ ደረሰች። የካሂንዲ እናት እጇን ያዙ።

«የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

እጇን ቀስ ብለው ለቀቁት።

ካሂንዲ እስከ ታክሲው ሸኛት።

«ጥፋት የለብሽም፣ አውቃለሁ። ግን እህቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አንቺንም።»

«ልጠብቅህ?»

«አትጠብቂኝ።»

ታክሲው እስኪሞላ ግን አጠገቧ ቆመ።

ፕሮቲኑን ለውጣ እንደገና ለመጀመር ሦስት ዓመት ፈጀባት። በዚህኛው ሙከራ እናቶችን የምታነጋግረው ራሷ ነበረች። የዳማ እናት፣ የካሂንዲ እህት ካድዞ፣ ወንድ ልጅ አዝላ መጣች።

«ይሄኛውስ ያድናል?»

«አላውቅም፣ ካድዞ።»

ካድዞ የፈቃድ ቅጹን ተቀበለቻት። ከዚያ ፈረመች።

«ካሂንዲስ?» አለቻት ምቤዩ።

«ሞምባሳ ነው። አግብቷል።» ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈችው። «ስምሽን አንስቶ አያውቅም። ሊጠይቀን መጥቶ እኛ ስናነሳሽ ግን ወሬው እስኪያልቅ ከአጠገባችን አይነሳም።»