ቢጫው ኬብል

የሻጩ ድርጅት መሐንዲስ አዲሱን የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ሣጥን፣ ጌትዌዩን፣ በብብቷ ይዛ ስትገባ ቢሮው ሁሉ ሣጥኑን አየ። ዘበኛዋ ያየችው ቴክኒሻኑ ሽቦ ከወንበሩ ሲነሣ ነው።

ሽቦ ለማንም አይነሣም። ሥራ አስኪያጁ ሲገቡ እንኳ ግማሽ ጎኑን ነው ቀና የሚያደርገው።

«አንተ! እስካሁን በሕይወት አለህ?» አለች መሐንዲሷ።

«አንቺስ ማስቲካ ማኘክ አልተውሽም?»

ተቃቀፉ። አንድ ኮሌጅ፣ አንድ ክፍል ተምረው ኖሯል።

ዘበኛዋ የሕንፃ ዲዛይን ቢሮው የኔትወርክ ኃላፊ ናት። የማይረባ ድረ ገጽ የምትዘጋው፣ የይለፍ ቃሉን በረሳ ሰው ላይ የምትጮኸው እሷ ስለሆነች ባልደረቦቿ ናቸው ይህን ስም ያወጡላት። ሽቦ ደግሞ ኬብል የሚዘረጋው፣ ስልክና ማተሚያ የሚጠግነው ቴክኒሻን ነው፤ ስሙን ከሥራውም ከቅጥነቱም ነው ያገኘው። ሁለቱ ከቁም ሣጥን ብዙም በማይሰፋ የሰርቨር ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ ዓመታት ሠርተዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ እሷ በልቧ ያለውን አልተናገረችም፤ እሱም እንደዚያው። ቢሮው ግን ያውቅ ነበር።

ጌትዌዩ የተገዛው ባለፈው ክረምት የገባ ቫይረስ የአንድ ሆቴል የሕንፃ ሥዕል በሙሉ ቆልፎ ስላስቀረባቸው ነው። ከእንግዲህ ከቢሮው የሚወጣም ሆነ ወደ ቢሮው የሚገባ መረጃ ሁሉ በዚህ ጥቁር ሣጥን በኩል ያልፋል።

«ደንቦቹን ከላይ ወደ ታች ያነባል» አለች መሐንዲሷ፣ ስክሪኑን እያሳየቻቸው። «መጀመሪያ በገጠመው ደንብ ይፈርዳል። የቀረውን ዞር ብሎም አያይም።»

«ልክ እንደሷ» አለ ሽቦ ወደ ዘበኛዋ እያየ።

መሐንዲሷ በሣቅ ፈረሰች። ዘበኛዋ ግን ፊቷን አጠቆረች። እንዲህ ያለው ቀልድ የሁለቱ ብቻ ነበር። ሦስተኛ ሰው እንዲስቅበት ማን ፈቀደ?

መሐንዲሷ ሥራዋን የማታውቅ ብትሆን ነገሩ በቀለለ። ታውቃለች። አንድ ጊዜ አስረድታ ሁለተኛ አትደግምም፤ የተጠየቀችውን ትመልሳለች፤ የማታውቀውን «አላውቅም፣ አጣራለሁ» ትላለች። ዘበኛዋ ሌላ ጊዜ ቢሆን ትወዳት ነበር። አሁን ግን ጆሮዋ የሚሰማው ሌላ ነው።

«ይህችን ጫፍ ያዝልኝማ፣ ሽቦዬ።»

ሽቦዬ! ዘበኛዋ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ያልደፈረችውን ይህች ሴት ከመጣች ሳምንት ሳይሞላት ትለዋለች።

ሰኞ ከምሳ ስትመለስ ሽቦ ከገዛ ጠረጴዛዋ ሥር በደረቱ ተኝቷል፤ መሐንዲሷ አጠገቡ ተንበርክካለች። እየተንሾካሾኩ ይስቃሉ።

«ምን ጠፍቶባችሁ ነው?»

«ምንም!» አሉ ሁለቱም እኩል።

ምንም ማለታቸውን አይደለም የጠላችው። እኩል ማለታቸውን ነው።

በማግስቱ የሰርቨሩ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ሳለ የመሐንዲሷን ድምፅ ሰማች።

«እኛ ድርጅት ሰው እየፈለግን ነው። ደመወዙም ከዚህ ይሻላል። አለቃዬን አናግሬልሃለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት ናና ተነጋገሩ።»

«እስቲ ላስብበት» አለ ሽቦ።

እምቢ አላለም። ዘበኛዋ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና አንዱን ኢሜይል ደጋግማ አነበበችው፤ ምን እንደሚል ግን አልገባትም።

ረቡዕ ሽቦ እንደ ልማዱ ዳቦውን ለሁለት ገምሶ ግማሹን አስቀመጠላት።

«ሐሙስ ልትሄድ ነው?» አለችው።

«ልሂድ?»

ዓይን ዓይኗን አያት። ያ አስተያየት ለመልስ ቦታ የለቀቀ ነበር። እሷ ግን ቦታውን በሌላ ነገር ሞላችው።

«ምን አገባኝ? እግሩ የራስህ ነው።»

ሽቦ የዳቦውን ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ ጠራረገና ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት ወንበሩ ባዶ ነበር። የሰርቨሩ ክፍል ተቆልፏል፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው።

ዘበኛዋ ኮምፒውተሯን ከፍታ ጌትዌዩ ውስጥ ገባች። መሐንዲሷ ችግር ሲፈጠር ከድርጅቷ ሆና ገብታ የምትረዳበት የራሷ መግቢያ አላት። ዘበኛዋ ሰረዘችው። ደስ አላት፤ ደስታው ግን ሻይ እስኪበርድ እንኳ አልቆየም። አልበቃትም። አዲስ ደንብ ጻፈች፤ ከዚያች ሴት ድርጅት የሚመጣ ምንም ነገር እንዳይገባ፣ ወደዚያም እንዳይወጣ። ከደንቦቹ ሁሉ በላይ አስቀመጠችው። «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነች።

ስክሪኑ ቀጥ አለ።

«ኢንተርኔት የለም እንዴ?» አለ አንድ ድምፅ ከኮሪደሩ። ሌላው ተከተለ። ከዚያ ሁሉም።

ያን ጊዜ ገባት። በችኮላ የድርጅቱን አድራሻ ሳትሞላ አልፋዋለች። ቦታው ባዶ ሲሆን ሣጥኑ «ማንኛውም» ብሎ ይወስደዋል። አንዲት ሴት እከለክላለሁ ብላ የቢሮውን ሰው ሁሉ ከለከለች፤ ራሷንም ጭምር። ልትገባ ስትሞክር ጌትዌዩ አላውቅሽም አላት።

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ።

«ልጄ፣ የሆስፒታሉ ሥዕል ከምሳ በፊት መላክ አለበት። ሰዎቹ እየጠበቁ ነው።»

«እየሠራሁበት ነው፣ ጋሼ።»

«ያቺ ልጅ እዚያው ሆና ገብታ አታስተካክለውም?»

«መግቢያዋን… ሰርዤዋለሁ።»

«ለምን?»

«ለጥንቃቄ።»

«እሰይ ጥንቃቄ!» አሉ ከወዲያኛው ጥግ ጸሐፊዋ እትዬ፣ ቀና ሳይሉ።

ጌትዌዩ ያለው በተቆለፈው የሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው፤ ለሽቦ መደወል ነበረባት። ሽቦ ቶሎ አነሣው። ከኋላው የመሐንዲሷ ድምፅ ይሰማል።

«የሰርቨሩን ክፍል ቁልፍ ይዘኸው ሄደሃል» አለች ዘበኛዋ። «እኔ ደግሞ ጌትዌዩን ራሴ ላይ ዘጋሁት።»

ይስቃል ብላ ጠበቀች። አልሳቀም።

«ምን ደንብ ጻፍሽ?»

«መከልከያ።»

«በማን ላይ?»

«መጀመሪያ የሚከፈትበትን ንገረኝ።»

«እሺ» አለ ሽቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቁልፍ አያስፈልግሽም። ጠረጴዛሽ ሥር ግቢ። በግራ በኩል፣ ከእግሩ ጀርባ።»

ተንበረከከች። በሥርዓት ተጠቅልሎ የታሰረ ቢጫ ኬብል አገኘች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጌትዌዩ ለኃላፊው ብቻ የተለየ ቀዳዳ አለው፤ ከዚያ በቀጥታ የመጣ ነው። ደንቦቹ እሱን አይነኩትም። ሰኞ ነው የዘረጋነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልፈልግም ትያለሻ! እሷ ማንም ሰው አንድ ቀን ራሱ ላይ ይዘጋል አለችኝ። እኔ ደግሞ አንቺን አውቅሻለሁ። ስትናደጂ እጅሽ ከዓይንሽ ይቀድማል።»

ዘበኛዋ ኬብሉን ሰካች። ገባች። ደንቧን አጠፋች። ወዲያው ኮሪደሩ ውስጥ «መጣ! መጣ!» ተባለ፤ ሥራ አስኪያጁም መነጽራቸውን አውርደው ወደ ሥዕላቸው ሮጡ።

«ገባሽ?»

«ገባሁ።»

«በይ ልዝጋው፤ አለቃዋ እየጠበቀኝ ነው።»

አሁንም ጠረጴዛው ሥር ናት፤ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል። እትዬ መተየባቸውን አቁመዋል።

«ሽቦ።»

«ወይ።»

«አትሂድ።»

«ሄጃለሁ እኮ። እዚህ ነኝ።»

«ተመለሳ!»

«ለምን? ደመወዙ ጥሩ ነው።»

ለስላሳ ቃል ፈለገች። አላገኘችም፤ ድሮም አልነበራትም።

«ስለምቀና።»

ሽቦ ከሰዎቹ ራቅ አለ። እስትንፋሱ ይሰማታል።

«በማን?» አለ።

«በማንኛውም።»

ሽቦ ከምሳ በኋላ ተመለሰ። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ወደ እሷ መጥቶ ቁልፉን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

«ሰውየውን ምን አልከው?»

«ሥራ አለኝ አልኩት።» ፈገግ አለ። «ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቃል አጥተሽ፣ በመጨረሻ ያገኘሽው ይሄን ነው?»

«አንተስ? ኬብል ከመዘርጋት አፍህን ብትከፍት ምን ነበር?»

«እኔ የምችለው ኬብል ነዋ!»

ሣቋ አመለጣት። እጇን ሲይዛት አልነጠቀችውም፤ እትዬ እያዩ እንኳ።

መሐንዲሷ በማግስቱ መጣች።

«ሰርዘሽኛል አሉ» አለች።

«ሰርዤሻለሁ።»

«እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን እሰርዝ ነበር።» ሽቦን አየችው፤ ከሚያስፈልገው ጥቂት አርዝማ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች። «በይ አሁን መግቢያዬን መልሺልኝ፤ ሥራ ነው።»

ዘበኛዋ መለሰችላት። በሥራ ሰዓት ብቻ። በእያንዳንዱ ጊዜ ዘበኛዋ ራሷ ስትፈቅድ ብቻ።

«የቢሮው ሥርዓት ነው?» አለች መሐንዲሷ እየሳቀች።

«ከዛሬ ጀምሮ።»

ሽቦ ጎንበስ ብሎ ቢጫውን ኬብል በጣቱ ነካ አደረገ።

«ይሄንን ላንሣው? አሁንማ ታርቀናል።»

«ተወው» አለች ዘበኛዋ። «ገና ብዙ እናደዳለሁ።»