ያልረጠበችው ዴስክ

ባነሩ በአንድ ጫፉ ብቻ ተንጠልጥሏል። «ከከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንደኛ!» ይላል። ከሥሩ፣ በባዶው የስምንተኛ ክፍል ወለል ላይ፣ የሒሳብ መምህሩ ሙሉቀን ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ተዘርሯል። አንዲት ዴስክ አጠገቡ ተገልብጣለች።

«ሰኞ እንግዶች ይመጣሉ፣ ክፍሉን ላሳምር ብሎ ሲሰቅል ወድቆ ነው» አሉ ዳይሬክተሩ ጋሽ ግዛቸው ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «ምን የመሰለ ልጅ መሰለሽ፣ ደብሪቱ!»

ኢንስፔክተር ደብሪቱ አንገቷን ደፋች። የተማረችው እዚሁ ታቦር ተራራ ግርጌ፣ እዚሁ ግቢ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ወድቃ እናቷ ጉልት ሊያስቀምጧት ሲሉ አይሆንም ያሉት እኒሁ ሰው ናቸው። ከክፍል በኋላ ቢሯቸው ጥግ ባለች ዴስክ አስቀምጠው አስጠኗት። «ደካማ ተማሪ የለም፣ የቸኮለ አስተማሪ እንጂ» ይሉ ነበር። የለበሰችው የደንብ ልብስ ግማሹ የእሳቸው እንደሆነ ታምናለች።

ዓይን ግን ውለታ አያውቅም። የተገለበጠችውን ዴስክ ዳሰሰቻት፤ ደረቅ ናት። እግሮቿ አቧራ እንጂ ጭቃ አልነካቸውም። በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከተች። ትናንት አርብ ነበር፤ አርብ ተማሪዎች ዴስኮቹን ሁሉ አውጥተው ክፍሎቹን ያጥባሉ፣ የሚመልሷቸውም ሰኞ ነው። ዴስኮቹ ማታ የወረደውን ዝናብ ጠጥተው ሜዳው ላይ ተደርድረዋል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟችን የሥራ ባልደረባ ሮማንን ነው። ከሙሉቀን ጋር ስትጣላ ተሰምታለች።

«አልዋሽዎትም፣ ጮኼበታለሁ» አለች ሮማን። «አንደኛ መባላችን ውሸት ነው፣ ለእንግዶቹ እናገራለሁ ሲል ስማችንን ሊያጠፋ ነው ብዬ ተናደድኩ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?»

«ዝናቡ ሲጀምር። ጃንጥላዬን ልወስድ ዳይሬክተሩ ቢሮ ስገባ፣ ጥግ ባለችው ዴስክ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱም ፊታቸው ጠቁሯል። ጃንጥላዬን ይዤ ውልቅ አልኩ።»

ቀጥሎ የተጠራው ትምህርት ቤቶቹን ያወዳደረው የዩኒቨርሲቲ መምህር አልአዛር ነው። ሟች ጥናቱን ሊያፈርስበት ነበርና እሱም ከጥርጣሬ አላመለጠም።

«በስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው ያወዳደርኳቸው። ይህ አንደኛ፣ ከታች ያለው ጎረቤቱ መጨረሻ ወጡ» አለ። «ሐሙስ ሙሉቀን መጣና ‹ያወዳደርከው ትምህርት ቤቶችን አይደለም፤ የተባረሩትንና የቀሩትን ነው› አለኝ። ለካ ከፈተናው በፊት ደከም ያሉትን ልጆች እያዛወሩ እታች ያራግፏቸው ኖሯል።»

«ማን?»

«ሰኞ እነግርሃለሁ አለ። እኔም ጥናቴን አርማለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት።»

ደብሪቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። ዴስኳ በነበረችበት ጥግ የአበባ ማሰሮ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ያቺ ሒሳብ የተማርኩባት ዴስክስ?»

«እሷማ ምስጥ በልቷት ከተጣለች ስንት ዓመቷ!» አሉ ፈገግ ብለው።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለውን ብዙ ሰው ላይ ደርሶ አይታለች፤ የዛሬው ግን የራሷ ነው።

ሦስቱንም ሙሉቀን ወደ ወደቀበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሙሉቀን ይህን ባነር ውሸት ነው ብሏል። ከውሸት ጋር የተጣላ ሰው ውሸቱን አይሰቅልም» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ መውደቁን ተጠራጠርኩ። ዝናቡ ሲጀምር ሮማን በሕይወት አይታዋለች። ከዚያ በኋላ ከሜዳው የገባ ዴስክ ቢሆን ይረጥብ፣ ይጨቀይ ነበር። ይቺ ደረቅ ናት። ከጣራ ሥር የቀረች ዴስክ አንዲት ብቻ ነበረች፤ በዚሁ በረንዳ በሚቀጥለው በር፣ ዳይሬክተሩ ቢሮ ያለችው። ሮማን ትናንት ያየቻትን ዴስክ ከተጣለች ዓመታት አለፉ ያለኝ ደግሞ አንድ ሰው ነው።» ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። «ጋሼ፣ ስለተማርኩባት ዴስክ ለምን ዋሹኝ?»

ሮማን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሽ ግዛቸው ግድግዳውን ተደገፉ።

«ገፋ ነው ያደረግኩት» አሉ። «ጭንቅላቱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር... ልገድለው አልነበረም። ትንፋሹ ሲጠፋ ተሸክሜ አመጣሁት፤ ከላዩ ወደቀ የምለው ነገር ባጣ ዴስኳን አስከተልኩ። ዕድሜዬን ለዚህ ትምህርት ቤት ሰጥቻለሁ! ሁሌ መሐል፣ ሁሌ መሐል! አንድ ጊዜ አንደኛ ብንባል ምን ነበረበት?»

«እታች የተጣሉት ልጆችስ?»

«ሒሳብ የማይገባቸው ናቸው፣ ልጄ። ውጤታችንን ይጎትቱ ነበር።»

ደብሪቱ ዴስኳን አቆመቻትና እጇን አሳረፈችባት።

«እኔም አይገባኝም ነበር» አለች። «ያኔ እንዲህ ያለ ውድድር ቢኖር ኖሮ፣ እኔንም ያባርሩኝ ነበር?»

ሽማግሌው ዴስኳን አዩ፣ እሷን አዩ። እንደ ልጅነቷ፣ መልሱን ከእሳቸው ጠበቀች። ዓይናቸውን ወደ ባነሩ ሲያዞሩ፣ እጇን ይዘው ክፍልፋይ ባስጻፏት እጃቸው ላይ ካቴናውን ራሷ አሰረች።