ከሟች ጋር ያለ ዝምድና

«አመጣሽ?» አለ ጋሼ።

መርፌ ከነጭ ጋዋኗ ኪስ ሁለት ብልቃጥ ደም አወጣች። አንዱ ከልብ ግራ ክፍል፣ አንዱ ከቀኙ የተቀዳ። የአስከሬን ክፍል ሠራተኛ መስላ ከገባች ስምንት ወሯ ነው። የላካትም፣ መርፌ ብሎ የሰየማትም ይኸው አለቃዋ ጋሼ ነው።

ከኋላቸው ከሐይቅ የወጣ ወጣት ተጋድሟል። የጋሼ መልእክተኛ ነበር። ሰምጦ ሞተ ተባለ።

ታናሽ ወንድሟ ነው።

በዚህ የስለላ ሥራ የማንም ቤተሰብ አይታወቅም፤ ጋሼም አያውቅም። ጠዋት ደሙን ስትቀዳ የናሙናው ቅጽ «ከሟች ጋር ያለ ዝምድና» ብሎ ጠየቃት። ዘመድ የቀዳውን ደም ፍርድ ቤት አይቀበልም፤ ከራሷ ሌላ የምታምነው እጅ ደግሞ አልነበራትም። «የለም» ብላ ጻፈች።

«ውጤቱ ምን ይል ይሆን?» አለ ጋሼ።

«የሚሰምጥ ሰው የሐይቁን ውሃ ወደ ሳንባው ይስባል። ውሃው ውስጥ ያለው ስትሮንቲየም የሚባል ማዕድን መጀመሪያ የሚደርሰው ልቡ ግራ ክፍል ነው። ስለዚህ ግራው ከቀኙ ይበልጣል። እኩል ከሆኑ ግን ውሃ ውስጥ የገባው ከሞተ በኋላ ነው።»

«ጎበዝ፤ ተምረሻል።»

ብልቃጦቹን መታጠቢያው ላይ ደፋቸው።

ቧንቧውን ከፈተ።

«ልጁ የሰዎቻችንን ስም መሸጤን ደረሰበት። ምን ላድርግ?» አለ። እጁ ወደ ኮቱ ገባ። «አንቺም ብዙ ታውቂያለሽ።»

«የልጁን የመጨረሻ ቀጠሮ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ፣ ጋሼ። የደፉት ትናንት የመጣ የሌላ ሟች፣ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ደም ነው። የልጁ ደም ጠዋት የፖሊስ መርማሪው ዘንድ ደርሷል።»

«እና?»

«እኩል ነው።»

እጁ ከኮቱ ሳይወጣ በሩ ተከፈተ። መርማሪው ከሁለት ፖሊሶች ጋር ገባ።

በማግስቱ እናቷ አስከሬኑን ልትረከብ መጣች። መርፌ ማስኳን እስከ ዓይኗ ሳበች። አንዲት ቃል ከተነፈሰች ጋሼ በነጻ ይወጣል። ሞራ የጋረደው የእናቷ ዓይን አላወቃትም።

«ያጠብሽልኝ አንቺ ነሽ፣ ልጄ?»

በጓንት እጇ የእናቷን እጅ ጫን አደረገችው።

«እግዜር ይስጥሽ። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። ወንድሟ ሞቶ ስልክ እንኳ አታነሳም። ምነው ያንቺን አንጀት በሰጣት።»

መርፌ የእናቷን አውራ ጣት ይዛ ቀለም አስነካችው፤ ከዚያም የመረከቢያው ቅጽ ላይ አሳረፈችላት። ከሟች ጋር ያለ ዝምድና፦ እናት።

ሰኞ የመርፌን ነጭ ጋዋን ሌላ ሠራተኛ ለበሰው።