ያላደረስሁት መርዶ

ይህን አንብቦ የማያምነኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። አልቀየመውም። የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እኔም አላምን ነበር።

ግን ደርሷል። በራሴ ላይ።

ታኅሳስ 22 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ቦታው ከአይከል በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ የአጎቴ አውድማ ነው። ሌሊት አልነበረም። ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች።

እስከ ዛሬ ያልተናገርሁት ስለፈራሁ አይደለም... ስለማፍር ነው።

ያን ጊዜ ጎንደር ከተማ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ወላጆቼን በልጅነቴ ስላጣሁ ያሳደጉኝ አጎቴ አያ አዘዘና ሚስቱ እትዬ ትርንጎ ናቸው። አንድ ልጃቸው አለበል ወንድሜ ማለት ነበር። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ወደ እነሱ እሄዳለሁ፤ ክረምት ለአረም፣ በገና ደግሞ ለጤፍ ውቂያ።

በዚያ ዓመት ታኅሳስ አጋማሽ ላይ አለበል ቆላ ወርዶ የያዘው ወባ አልለቅ ብሎት ለመታከም ጎንደር መጣ። ከተማው ውስጥ የሚያውቀው ሰው እኔን ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ባዶ እግሩን ነው። በቆሸሸ ጋቢ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል።

ከጓደኞቼ ጋር ስወጣ ስሜን ጠራ።

“ዘመድህ ነው እንዴ?” አለኝ አንዱ እየሳቀ።

“አላውቀውም” አልሁ።

አለበል ሰማኝ። እናቱ የላከችልኝን በሶ ከበሩ ሥር አስቀምጦ ሄደ።

በአራተኛው ቀን አባ ወልደ ገብርኤል የሚባሉ ቄስ አስጠሩኝ። አለበል ከቤተ ክርስቲያናቸው አጥር ሥር ሞቶ ተገኝቶ ነበር። ከመሞቱ በፊት የእኔን ስም ነግሯቸዋል።

ከአባ ጋር ሆኜ በአዲስ አቡጀዲ ገነዝሁት። ሁለቱን የእግር አውራ ጣቶቹን በፈትል ክር አንድ ላይ ያሰርሁት እኔ ነኝ። በእነዚህ እጆቼ።

ከቀብሩ በኋላ አባ ሲሸኙኝ መርዶውን አደራ አሉኝ። ለእናትና ለአባቱ በቀጥታ እንዳልናገር፣ ለጎረቤት ሽማግሌዎች እንድነግር፣ እነሱ ሰው ሰብስበው ጎህ ሲቀድ እንደሚያረዱ አስረዱኝ። ወጉን እኔም አውቀዋለሁ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

እስከ አይከል በጭነት ማኪና፣ ከዚያ በእግሬ ሄድሁ። መንገዱን ሙሉ ያሰብሁት ስለ አለበል አልነበረም። ስለሚጠይቁኝ ጥያቄ ነበር። አንተ የት ነበርህ? ምን ብሎህ ሞተ?

አመሻሽ ላይ ደረስሁ። ከአጎቴ ቤት በፊት የሽማግሌው የአያ ዳኛው ቤት አለ። በሩ ክፍት ነበር።

አለፍሁት።

መርዶ በምሽት አይነገርም፣ ነገ እነግራለሁ ብዬ ራሴን አታለልሁ።

እትዬ ትርንጎ ገና ስማኝ ሳትጨርስ ስለ ልጇ ጠየቀችኝ።

“ሸጋ ነው። እየታከመ ነው” አልኋት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነቅቼ ነበር፤ ግን አልተነሳሁም። ነዶው አውድማው ላይ ተበትኗል፣ በሬዎቹ ዝግጁ ናቸው፣ መርዶ ከተነገረ ሥራው ይቆማል፣ ጤፉ ሜዳ ላይ ይቀራል... ሰው ምክንያት ሲፈልግ አያጣም። ውቂያው ይለቅ አልሁ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። በሬዎቹን እየነዳሁ ዙሪያውን እዞራለሁ።

በሬዎቹ ቆሙ።

አራቱም። በአንድ ጊዜ።

“ምን ነካቸው?” አሉ አያ አዘዘ።

ቀና አልሁ። በአቀበቱ ነጭ የለበሰ ሰው ይመጣል።

አለበል ነበር።

እትዬ ትርንጎ እልል እያለች ሮጠች። አያ አዘዘ የያዙትን መንሽ ጥለው ተከተሏት። እኔ ብቻ ከበሬዎቹ ጋር ቀረሁ። እግሩን እያየሁ...

እግሮቹ አይራራቁም። በጣም አጭር፣ በጣም አጭር እርምጃ ነው የሚራመደው።

አያ አዘዘ አቡጀዲውን ዳሰስ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

“ሸጋ ልብስ ገዝተህለታል፣ ቢያዝን። እግዜር ይስጥህ።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

እናቱ ወንድምህን ሳመው እንጂ ብትለው አለበል ለረጅም ጊዜ አየኝ።

“አላውቀውም” አለ።

እነሱ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ከዚያ መንሹን አንስቶ ሥራ ጀመረ። ገለባውን ወደ ላይ ይወረውራል። እኛ የገለባው ብናኝ አይናችንን አጥፍቶናል፣ ያስነጥሰናል። እሱ አንድ ጊዜም አላስነጠሰም። ፀጉሩ ላይ አንዲት ገለባ አልነበረችም። በሬዎቹ እሱ ያለበት ጋ ሲደርሱ ራሳቸው ከአውድማው ወጥተው፣ ዞረው ይመለሳሉ።

በማግስቱም ሠራን። በሦስተኛውም ቀን። ክምሩ እያለቀ ነው፣ ገለባው ተራራ አክሏል...

እህል ግን የለም።

አያ አዘዘ በላይዳ እየዛቁ ወደ ነፋስ ይወረውራሉ። ሁሉም በኖ ይሄዳል። ጎንበስ ብለው መሬቱን በጣታቸው ይጭራሉ። ደግመው ይወረውራሉ። በሦስት ቀን ውስጥ ጉንጫቸው ገብቶ ሌላ ሰው ሆኑ።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ እትዬ ትርንጎ ከጎተራው ጀርባ ጠራችኝ። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“የመጣ ዕለት እግሩን አጠብሁት” አለችኝ።

ጎተራውን ተደግፌ ቆምሁ።

“ክሩን አየሁት። የሬሳ ክር ነው።”

ልናገር አፌን ስከፍት በመዳፏ ከደነችው። እጇ እሳት ነበር።

“እንዳትናገር። ለማንም። መርዶው እስካልተነገረኝ ልጄ አልሞተም።”

“እትዬ... እህሉ... አያ አዘዘም እየከሱ ነው...”

“እንክሳ። ምን ቸገረህ?”

እውነቱን ልናገር። ያን ጊዜ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፣ ደስታ ነበር። ዝም ማለቴ ለእሷ ስል ሆነልኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርሁ።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ለመሽናት ወጣሁ። አለበል ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከመጣ ጀምሮ ሲተኛ ያየው የለም። “አላውቀውም” ካለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረኝ።

“ቢያዝን።”

“አቤት...”

“ንገራቸው። ደክሞኛል።”

ድምፁ ቁጣ የለበትም። ያ ነው የባሰብኝ፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ አያ ዳኛው ቤት ሮጥሁ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ደርበው ከበራቸው ቆመው ነበር።

“ምነው ልጄ፣ በጠዋቱ? ደህና አይደላችሁም?”

አሁን ነው። አንድ ቃል ነው። ሞቷል ማለት ብቻ ነው። ከዚያ ግን “አንተ የት ነበርህ?” ይሉኛል...

“እሳት ልጭር ነው፣ አያ” አልሁ።

ገብተው ፍም በገል ሰጡኝ።

ገሉን ይዤ ወጣሁ። ወደ አጎቴ ቤት ግን አልሄድሁም። መንገድ ዳር ጣልሁት፤ ሳልሰናበት፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳልወስድ እስከ አይከል ሮጥሁ። የገናን በዓል ጎንደር ዋልሁ። ከሰው ጋር በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ሳቅሁም።

ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ውሸት ነው፤ እተኛ ነበር። ግን በነቃሁ ቁጥር “ደክሞኛል” የሚለው ድምፅ ከእኔ ቀድሞ ነቅቶ ይጠብቀኛል።

ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ቆረጥሁ። በዝናብ በስብሼ አመሻሽ ላይ በቀጥታ አያ ዳኛው ቤት ገባሁ። ሁሉንም ዘረገፍሁላቸው። የትምህርት ቤቱን በር፣ አጥሩን፣ ክሩን፣ የጫርሁትን እሳት ሳይቀር። እያለቀስሁ ነው የምናገረው።

አያ ዳኛው አልተቆጡም። አንዳችም አልጠየቁኝም። አይናቸውን ከአይኔ አሸሹ።

“እዚሁ እደር” አሉኝ። “ጠዋት አብረን እንሄዳለን።”

ሚስታቸው እራት አቀረበችልኝ። አያ አዘዘና እትዬ ትርንጎ ደህና ናቸው ወይ አልኋት። ደህና ናቸው ብላ ፊቷን አዞረች።

ጎህ ሲቀድ ተቀሰቀስሁ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። አሥራ አምስት፣ ሃያ ሰው ይሆናል። የአለበልን መርዶ ሊያረዱ ነው ብዬ ልቤ ትንሽ ቀለለኝ። በመጨረሻ ሊነገር ነው። በዝናቡ ውስጥ ከፊት ከፊት እየመራሁ ወደ አጎቴ ቤት ሄድን።

ከቤቱ ጭስ አይወጣም። በሩ በእንጨት ተቀርቅሯል። በረቱ ባዶ ነው።

አውድማው ጋ ስንደርስ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ጠፋ። ዞር አልሁ።

ሰዎቹ ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሁሉም የሚያዩት ቤቱን አልነበረም...

እኔን ነው።

አያ ዳኛው አንድ እርምጃ ቀረቡኝ።

“ቢያዝን፣ ልጄ... እንግዲህ በርታ። አጎትህና እትዬ...”

ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንሁ። ጮህሁ። እንዳልሰማ ጮህሁ። በመካከላቸው ሰንጥቄ ሮጥሁ። አንዱ ክንዴን ቢይዘኝ ነከስሁት።

የእነሱን መርዶ እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም። ለመንገር የመጡ ነበሩ፤ ጎንደር ድረስ ሁለት ጊዜ መጥተዋል። በሬን ዘግቼ ተደብቄያለሁ። እነዚያ ሽማግሌዎች ዛሬ አንዳቸውም በሕይወት የሉም። የሚነግረኝ ሰው አልቀረም።

ያን ዕለት የኮረብታው ጫፍ ላይ ስደርስ ትንፋሼ አለቀና ቆምሁ። ወደ ታች አየሁ። ሰዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወደየቤታቸው እየተመለሱ ነበር። ዝናቡ መሬቱን ይደበድበዋል፤ ማሳው ሁሉ ጭቃ ነው፤ አውድማው ላይ አንድ ሰው የለም።

ግን አውድማው ላይ አቧራ ይነሳል... ደረቅ አቧራ... እንደ ውቂያ ዙሪያውን፣ ቀስ እያለ ይዞራል።